የሙሉሃብት መሳፈሪያ

ሙሉሃብት የምትኖረው ከእኔ ቤት በታች፣ የድንጋዩ ደረጃ በሚያልቅበት ቦታ ነበር። ቤቷ ክብ የድንጋይ ቤት ነው። ከደጃፉ በስተቀኝ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ፀሐይ ከአሸተን ማርያም ተራራ ብቅ ስትል መጀመሪያ የምታርፈው እዚያ ላይ ስለሆነ፣ ጠዋት ጠዋት እሱ ላይ ተቀምጣ ትፈትል ነበር። እንዝርቷን ጭኗ ላይ ስታሾረው ኖራ ቀሚሷ በዚያ ቦታ ሳስቶ ሰውነቷ ሊታይ ደርሶ ነበር። «እዚህ ጋ ቀሚሴን የበላው እንጀራዬ ነው» ትለኛለች እየሳቀች። የፈተለችውን ቅዳሜ ገበያ ታወጣለች። ሸማኔዎች የሌላዋን ሴት ፈትል ጎተት አድርገው ጥንካሬውን ሳያዩ አይገዙም፤ የእሷን ልቃቂት ግን ሳይጎትቱ ይወስዱታል።

ባሏ ሑመራ ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ በወባ ሞተ። ልጃቸው ምስጋኑ ያን ጊዜ አራት ዓመቱ ነበር። ሌላ ልጅ የላትም። ከዘመድ የቀረቻት ደብረ ታቦር፣ ከመናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ያላት ታናሽ እኅቷ ንጋት ብቻ ነበረች። ሁለቱ ከተያዩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሰላምታ ግን በመንገደኛ አይቋረጥም።

ምስጋኑ በሥራ አመራር ዲግሪውን ይዞ የመጣ ዕለት ጥቁር ካባ ለብሶ የተነሳውን ፎቶግራፍ ከእመቤታችን ሥዕል ዝቅ አድርጋ ሰቀለችው። እኔን ልታሳየኝ ስትጠራኝ እጄ ሊጥ ነክቶት ነበርና «መጀመሪያ ታጠቢ» አለችኝ። ታጥቤ መጣሁ፤ በነጠላዋ ጫፍ እጄን አደራርቃ ነው ያስነካችኝ።

ዲግሪው ቤት ገባ፤ ሥራው ግን ሩቅ ነው። ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ለመመዝገብ አንድ ጊዜ፣ ለፈተና አንድ ጊዜ፣ ለቃለ መጠይቅ ሌላ ጊዜ መሄድ አለ። ለወልድያው ዶሮዎቿ ሄዱ። ለደሴው ጊደሯ ሄደች። ደግሞ ደሴ ተጠራ፤ የአንገቷ የብር መስቀል ሄደ። ልጁ በሦስተኛው ቀን ይመለሳል፤ የሄደው ነገር ግን አይመለስም። ከዚያ ወዲያ የእንዝርቷ ክር ብቻ ቀረላት።

በዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ፣ ከሚሊኒየሙ በፊት በነበረው ዓመት ማለት ነው፣ ባሕር ዳር ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ወረቀት መጣ። በውጤታቸው ተመርጠው ለቃለ መጠይቅ ከቀሩት ስድስት ሰዎች ምስጋኑ አንዱ ሆነ። በሚቀጥለው ሳምንት ዐርብ ጠዋት እንዲቀርብ ይላል። ሙሉሃብት ማንበብ አትችልም፤ ወረቀቱን እኔ ዘንድ አምጥታ ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። «መሳፈሪያውን ማን እንደሚከፍል አይልም?» አለችኝ በመጨረሻ። ገልብጬ ጀርባውን አየሁላት። ባዶ ነበር።

የቅሬያችን ስብሰባ በየወሩ በሚካኤል ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ በወይራው ጥላ ሥር ነው። ቅሬ ስንል ሰው ሲሞት የምንቀባበርበት ማኅበራችን ነው። ያን ዕለት ዳኛው አያ አዝመራው ጉዳዩን ጨርሰው ሊመርቁ ሲሉ ሙሉሃብት ከሴቶቹ መካከል ተነሳች። ስትናገር አይቻት አላውቅም ነበር።

«እባካችሁ፣ ልጄ ባሕር ዳር ተጠርቷል። መሳፈሪያውን ቅሬው ያበድረኝ። ሲቀጠር በመጀመሪያ ደመወዙ ይመልሳል» አለች።

ጸሐፊው ደሳለ ደብተሩን ከደነና «እትዬ ሙሉሃብት፣ የእኛ ቅሬ የሞተ ይቀብራል እንጂ ሥራ ፈት አያስቀጥርም» አለ። ሰው ሳቀ።

«ቆይ እንጂ» አለ ጥሩሰው። በቅሎውን ለአሸተን ወጪ እያከራየ የሚኖር፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው። «ማነው የጠራው? ቢሮው አይደል? እኛ ለገና ያልጠራነውን እንግዳ እንኳ እግሩን አጥበን እናበላለን። እነሱ ሰው ጠርተው በገዛ ስንቁ ያስመጡታል? የጠራ ያብላ!»

«በል በቅሎህን ጫንና ሂደህ ንገራቸው» አለው ደሳለ።

«በቅሎዬማ ከተማረ ሰው ዕድለኛ ናት። ሰው ልትጭን ስትጠራ ገብስ ይሰጣታል እንጂ ገብስሽን ይዘሽ ነይ አትባልም!»

ሰው ሁሉ እስኪደክመው ሳቀ። ሙሉሃብት ብቻ እንደቆመች ነበረች። አያ አዝመራው ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

«ሙሉሃብት ልጄ፣ ክፉዎች አትበይን። ይህ የለቅሶ ገንዘብ ነው። ዛሬ ለአንቺ ልጅ ከከፈትነው ነገ አርባ ልጅ ይሰለፋል። ያኔ ሰው ቢሞት በምን እንቀብረዋለን? በሰው አገር ሰው ቢሞትብሽ እኮ፣ አንቺ ሳትጠይቂ መሳፈሪያሽን በእጅሽ አስይዘን እንሸኝሽ ነበር።»

ይህን ያሉት ሊያጽናኗት ነው፤ ክፋት የለባቸውም። እውነታቸውንም ነበር፤ ሩቅ አገር የቅርብ ዘመድ የሞተበት ሰው ለአንድ ሰው መሳፈሪያ ከቅሬው ያገኛል፤ ጥንትም እንዲሁ ነው።

እኔ «ይሰጣት፣ ከዕቃ ቤት ድንኳን ልጅ ይበልጣል» ልል ፈልጌ ነበር። ግን ወንዶቹ ሁሉ ዞረው የሚያዩኝ መሰለኝና ነጠላዬን አፌ ላይ ሳብኩ። ሙሉሃብት እጅ ነስታ ተቀመጠች።

በሳምንቱ ማክሰኞ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ «እኅቴን! ንጋቴን!» የሚል ጩኸት ከደረጃው ሥር ተሰማ። ያለ ጫማ ወርጄ ስደርስ ሙሉሃብት ያን ጠፍጣፋ ድንጋይ አቅፋ ትንፈራፈራለች። ማታ ከመናኸሪያ አንድ መንገደኛ መርዶ ነገረኝ አለች። እንባዋ እውነተኛ ነበር። ጉንጯ ላይ የወረደውን በእጄ ጠርጌዋለሁና አውቃለሁ።

ንጋት ግን አልሞተችም ነበር። በዚያች ሰዓት ደብረ ታቦር ሻይዋን እያፈላች ነበር። ይህን ያወቁት ሙሉሃብትና ልጇ ብቻ ናቸው።

ድንኳን ተተከለ። ደሳለ ራሱ መሳፈሪያውን አምጥቶ በእጇ አስያዛት፤ በሚካኤል ዕለት ስለሳቀ መሰለኝ ቀና ብሎ አላያትም። እሷም «ጉልበቴ መንገድ አይችልም፤ ልጄ ሄዶ አፈር ያልብስልኝ» አለች። ሰው ሁሉ ተገቢ ነው አለ። እኛ ሴቶቹ እዝን ይዘን ገባን። እኔ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ በትንሿ ሰፌድ አድርጌ ነበር የወሰድኩት። አንድ ጉርሻ አጎረስኳት። ብዙ አላመጠችው፤ አልዋጥ ብሏት ውኃ ጠየቀች። ምስጋኑ ጥግ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ጥሩሰው ትከሻውን ይዞ «አብሽር ወንድሜ፣ አክስት እናት ናት» ሲለው ልጁ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። አክስቱን እንዲህ ይወድ ኖሯል ብለን አዘንን።

በነጋታው ሄደ። እሑድ ሲመለስ ሙሉሃብት መናኸሪያ ካልወረድኩ አለች፤ ሐዘንተኛ ከቤት አትወጣም ብንላት አልሰማ አለች። ደግፌያት አብሬ ወረድኩ። ልጁ ከመኪናው ሲወርድ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ነበር። ሰላም ሳትለው ነጥቃ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው። የጋዜጣው ጠርዝ ተቀዶ አረንጓዴ ጨርቅ ሲታይ አይቻለሁ።

«ለቅሶው እንዴት ነበር ልጄ?» አልኩት።

እናቱን አየት አደረገና «ጥሩ ነበር» አለ።

ለቅሶ ጥሩ ነበር ይባላል ወይ? ትምህርት ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል አልኩ በሆዴ።

ባሕር ዳር የሆነውን ራሱ ምስጋኑ የነገረኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ሲሄድም ሲመለስም ያደረው አክስቱ ዘንድ ነበር። ቢሮው በር ላይ ስድስቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተሰልፈው ተቀመጡ። አንዲት ጸሐፊ ከየት እንደመጣ ጠየቀችው።

«ከላሊበላ።»

«ውይ፣ ታድለህ! ጸበል ይዘህልን መጣህ?»

ከመተማ የመጣ አንድ ጎልማሳ ደግሞ፣ ተጠይቀው ሲጨርሱ፣ «እመቤቴ፣ የመንገዳችንን ነገር ማንን እንጠይቅ?» ይላታል። ጸሐፊዋ አልተቆጣችም፤ ፈገግ ብላ «እኛ እኮ ማስታወቂያ አወጣን እንጂ ማንንም አልጠራንም። አመልክታችሁ የመጣችሁት እናንተ ናችሁ» አለች። የመተማው ሰው ጫማውን አውልቆ ውስጡ ያስቀመጠውን የመመለሻ ብር ቆጥሮ፣ መልሶ አደረገው። ምስጋኑ ከሁሉም ነገር ይህ አይረሳኝም ይላል።

ከስድስቱ አንድ ሰው ተቀጠረ። እዚያው ባሕር ዳር የሚኖር፣ በእግሩ የመጣ ነው። ምስጋኑ ተጠባባቂ ተባለ። ሙሉሃብት «ተጠባባቂ ማለት ምን ማለት ነው?» ስትለኝ «ይጠብቁታል ማለት ነው» አልኳት። ደስ እንዲላት ነው፤ የሚጠብቀው እሱ መሆኑን አላወቅሁም ነበር።

አርባው የደረሰው የገና ተሳላሚ ከተማውን መሙላት ሲጀምር ነበር። ለፍትሐት የሟቿን የክርስትና ስም ለቤተ ክርስቲያን መስጠት አለ። ሙሉሃብት የላከችው እኔን ነው። በወረቀት ላይ ስጽፍላት ስሙን ቶሎ አልነገረችኝም። በኋላ «ወለተ ሐና በይ» አለችኝ። ጽፌ ወሰድኩ፤ በዚያ ስም ተፈታ።

ቀሚሷን ጥቁር ነክራ ዓመት ሙሉ ለበሰችው። ስትፈትል ነጩ ክር በጥቁሩ ቀሚስ ላይ ይንጠባጠብና ሲመሽ አመዳይ የወረደባት ትመስል ነበር። ምስጋኑ ደብረ ታቦር አካባቢ መንገድ ሥራ ላይ በቀን ሠራተኛነት ገባ። ከጓደኛው ጋር ነው የሚኖረው እንባል ነበር፤ ለካስ የሚኖረው ከአክስቱ ጋር ነው። ሙት ዓመቱ ሞላና ኅዳር ላይ ሙሉሃብት ጥቁሩን አወለቀች። እኔ ነኝ ቅቤ የቀባኋት። «እንግዲህ ሐዘን ይብቃሽ» አልኳት። «አሜን» ያለችው በጣም ቀስ ብላ ነው።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ፣ ሐሙስ ቀን፣ ስልክ ቤቱ ያለው ሰው አስጠራት። ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል። ምን ሆንሽ ብላት «ምንም» አለችኝ።

የደወለው ምስጋኑ ነበር። «አክስቴ በጠና ታማለች። እኅቴን አምጡልኝ ትላለች፤ ቶሎ ነይ» ነው ያላት። ልጁ ደመወዝ ሳይወስድ ሁለት ወሩ ነው። ሌላ ሴት ብትሆን ወደ እኔ ወጥታ «እኅቴ ታማብኛለች፣ መሳፈሪያ አበድሪኝ» ትላለች። ለቅሬውም ትነግራለች፤ ሰውም ካለው ያዋጣል። ሙሉሃብት ግን ማንን ትበል? እኅቷን እኮ ቀብረንላታል። እዝኗን አብልተናታል። ስሟንም ደሳለ ከሙታን ተርታ ጽፏታል።

ዐርብ ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱንም ስትፈትል አደረች። ቅዳሜ ገበያ ላይ ሳገኛት ልቃቂቱን ብቻ ሳይሆን ያልተፈተለውን ጥጥ፣ የጥጥ መንደፊያ ደጋኗንና እንዝርቷን ጭምር ዘርግታለች። ሸማኔዎቹ መቸኮሏን አይተው በማይረባ ዋጋ ይወስዱባታል።

«አንቺ ምን ነክቶሻል? እንዝርት ይሸጣል እንዴ? ምን አጣደፈሽ?» ብዬ ተቆጣኋት።

«ለሆዴ ነው» አለችኝ።

«ሆድሽ እስከ ሰኞ አይታገስም?»

አየችኝ። ያን አስተያየቷን ዛሬም አልረሳውም። ልትነግረኝ አፏን ከፈተች፤ አንዱ ሸማኔ «እቴ፣ ይህንስ ስንት አልሽ?» አላትና ወደ እሱ ዞረች። እኔም በርበሬ ልገዛ ሄድኩ።

የእሑዱ መኪና ሞልቶ ስለነበር የሰኞ ትኬት ቆረጠች። እሑድ ከሰዓት በኋላ ያ ድንጋይ ላይ ባዶ እጇን ተቀምጣ ነበር። እኔ ከአጠገቧ በርበሬ እለቅም ነበር። ምስጋኑ በደረጃው ወረደ። ራሱን ተላጭቷል።

ሙሉሃብት የልጇን ራስ አየች። አልጮኸችም። ነጠላዋን ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከተተችና ወደ ቤት ገባች። ተከትያት ስገባ ምሰሶውን ይዛ፣ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች።

«ማን ሞተ?» አልኩ።

«አክስቴ» አለ ምስጋኑ። «ዐርብ። ትናንት ቀበርናት።»

«አክስትህማ አምና…» ብዬ ጀመርኩ፤ መጨረስ አቃተኝ። የመናኸሪያው አረንጓዴ ጨርቅ፣ «ጥሩ ነበር» ያለው ነገር፣ ያልተዋጠው ንፍሮ፣ ሁሉም ተራ በተራ መጣብኝ።

ሙሉሃብት ነጠላውን ከአፏ አወጣችና «ውጪና ተናገሪ፤ እኔ ደክሞኛል» አለችኝ።

በሩን ከውስጥ ዘጋሁትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ሰኞ ጠዋት መኪናው ያለ እሷ ሄደ። እኛ አሸተን ማርያምን ልንሳለም ነው ብለን ሁለታችን ተራራውን ወጣን። ሲወጣ ጥሩሰው በቅሎውን እየጎተተ ደረሰብን። «እናንተ ልጃገረዶች፣ በቅሎ ላከራያችሁ?» አለ። «እግዜር ይስጥልን፣ እንችላለን» አልኩት። እስኪያልፍ ድረስ ሙሉሃብት ፊቷን ወደ ገደሉ አዙራ የጫማዋን ማሰሪያ የምታጠብቅ መሰለች። ጫማዋ ማሰሪያ የለውም።

ቋጥኙ ጠባብ በር የሚመስልበት ቦታ ስንደርስ ቁጭ አለችና ከጉያዋ አረንጓዴውን ሻርፕ አወጣች። ንጋት በምስጋኑ እጅ የላከችላት ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አልለበሰችውም። አፍንጫዋ ላይ አድርጋው ያን ጊዜ ጮኸች። እኔም ደረቴን እየመታሁ አብሬያት አለቀስኩ። ድንኳን የለ፣ ለቅሶ ደራሽ የለ፣ ከእኛ በታች አሞሮች ብቻ ይዞራሉ።

ስትደክም «ስሟን ለአባቶች እንስጥ» አልኳት። «ወለተ ሐና ብዬ ልንገራቸው?»

ራሷን ነቀነቀች። «ወለተ ሐና እኔ ነኝ።»

አልገባኝም።

«አምና ለአርባው የሰጠሁሽ ስም የእኔ ነው። እኅቴን በቁሟ ለፍትሐት ልሰጣት ፈራሁ። ሞት ስም ሰምቶ ቢመጣ ወደ እኔ ይምጣ ብዬ ነው» አለችኝ። ሻርፑን አራት ቦታ አጣጠፈችው። «አልተታለለልኝም። የእሷ ስም አመተ ማርያም ነው።»

ቤተ ክርስቲያኑ ደርሰን መነኩሴው «መቼ ነው ያረፈችው?» ሲሏት «ዐርብ አባቴ» አለች።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖራለች። ያችኑ እንዝርት ፈልጌ ከገዛችው ሴት መልሼ ገዛሁላት። ስለዚያ ነገር ዳግም አላነሳንም። የቅሬውን ድንኳን ማንም ሳያዛት እሷ ነበረች የምትሰፋው። ከለቅሶ ሁሉ በኋላ የተቀደደውን እየፈለገች፣ በገዛ ፈትሏ፣ ደርባ ደርባ ትጠግነዋለች። አያ አዝመራው «ይህች ሴት ቅሬያችንን ደግፋ ያዘችው» እያሉ ይመርቋታል፤ በተመረቀች ቁጥር መርፌው እጇን ይወጋታል።

ስትሞት ምስጋኑ ወልድያ አጠገብ የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆኖ ተቀጥሮ ነበር። ቅሬው ወዲያው ደወለለት፤ የመምጫውንም ከፈለ። ለዚያ መሳፈሪያ ማንም አልተከራከረም።

ድንኳኑ ሥር፣ የሴቶቹ ወገን ተቀምጬ ነበር። ብርሃን በቀጭን በቀጭኑ የሚገባበት የድሮው ቀዳዳ ሁሉ ተደፍኗል፤ ስፌቷን ዓይኔን ከፍ አድርጌ ስከተል ዋልኩ። ካህናቱ ፍትሐቱን ሲያደርሱ የክርስትና ስሟን ጠሩ። ደሳለ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«እትዬ፣ ወለተ ሐና የእኅቷ ስም አልነበረም እንዴ? የዚያን ዓመት አርባዋን ስናወጣ በዚህ ስም የተፈታ መሰለኝ።»

ዓይኑን አየሁት። ተንኮል የለበትም፤ ስም የማይረሳ ሰው ስለሆነ ብቻ ነው።

«እንጃ» አልኩት።

ነጠላዬንም አፌ ላይ ሳብኩ።